ሰባተኛዋ ወንበር

እንጀራዬ ጆሮዬ ነው፤ ፒያኖ እቃኛለሁ፤
ኢስቶኒያ፣ ባልቲክ ጠረፍ፣ ከነፋስ ጋር እኖራለሁ።
አንዲት አውታር የፀጉር ታህል ከረገበች፣
ጥርሴ ላይ ታርፋለች፤ እንደ በረዶ ውሃ ትጠዘጥዘኛለች።

በዚያ መከር አዲስ ደወል ገባ፣
ጥድ ተጠምጥሞበት፣ በጭነት መኪና፣ በአበባ።
አሮጌው ከተሰነጠቀ ሁለት ክረምት አልፎ፣
የዓሣ አጥማጁ ሳንቲም፣ የመበለቷ ቀለበት ሳይቀር ተራግፎ።

በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ
ሰባት ሆነን ተቀመጥን፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብ፤
"ተቀብለነዋል" ይላል፤ ፊርማ ይጠብቃል፣ እህል እንዳየ ርግብ።

ደወሉ ተመታ።
ዝቅ አለ።

ብዙ አይደለም፤ ጥቂት፤
በጨለማ ሲወርድ፣ አንድ ደረጃ የቀረው መስሎት
ባዶ እንደሚረግጥ እግር፣ ያቺን ታህል ስህተት።

ኤንደል ቀደመ፦ "ድምፅ ማለት ይሄ ነው!"
ቪርቬ ቀጠለች፦ "ኧረ አንጀት የሚያርስ ነው!"
ሦስተኛው ራሱን ነቀነቀ፤ አራተኛዋ እንባዋን ጠረገች፤
አምስተኛው ሰዓቱን አየና፦ "እኔም" አለ በአጭሩ።
ስድስተኛው ኡኩ፣ አርባ ዓመት ደወል ደዋይ ለሀገሩ፣
ጣሪያውን አየ፣ መልሱ እዚያ የተጻፈ ይመስል፤
"ጥሩ ነው" አለ፤ ጉሮሮው እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ ሲል።

ተራው የእኔ ሆነ።

መጀመሪያ የከዳኝ አፌ አይደለም፣ ጆሮዬ ነው፤
ስድስት ሰው ይሳሳታል? ምናልባት ጉንፋን ይዞኝ ነው፤
ምናልባት እርጅና፤ ምናልባት የጣሪያው መጣመም...
ለራሴ ጥብቅና ልቆም ብነሳም፣
ከከሳሾቼ ጎን ነው የተገኘሁት፤ ማንም አልጠራኝም።

ከዚያ ሆዴ መጣ፤ ሆድ ከራስ ይፈጥናል፤
ቅዳሜ ማታ፣ የቪርቬ ሳውና ጢሱ ይታየኛል፤
ሰው ሁሉ እንፋሎት ውስጥ፣ ጀርባ ለጀርባ ሲማታ በቅጠል፣
እኔ ደጅ፣ የመስኮቱን ብርሃን ስሞቅ፤
ማን ይለኛል፦ "ግቢ፣ በረዶ ይጥላል"?

"ቆንጆ ነው" አልኩ።
ሞቀኝ።
ውሸት እንደ ሱፍ ሹራብ እንደሚሞቅ ማን በነገረኝ!

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤
የዚያን ዕለት የታሰረው አንበሳ ጆሮዬ ነበር።

በጥር፣ በረጋው ባሕር ላይ፣ ኡኩን ከመረቡ ጋር አገኘሁት፤
"ዝቅ ያለ ነው፣ አይደል?" አለኝ፣ ዓሦቹ እንዳይሰሙት።
"ታዲያ አንተ ብትናገር ኖሮ እኔ..."
"እኔ አምስተኛውን አይቼ።"
"እሱስ?"
"እሱማ ሰዓቱን አይቶ።"
ሳቅን፤ ከዚያ ዙሪያውን ቃኘን፣ ማን ሰምቶ?

ቤት ለቤት ጠሩኝ፦ "ፒያኖው ከደወሉ ጋር ይጣላል።"
ሠላሳ አንድ ፒያኖ፤ አንድ በአንድ፣ በእጄ፣ ዝቅ ብሏል።
መቃኛ ሹካዬን ከካልሲዎቼ ሥር፣ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤
በሦስተኛው ዓመት ደወሉ ልክ ነበር፤
በእግዜር፣ ልክ ሆኖ ሰማሁት።

ዘንድሮ ፒርዬ መጣች፣ ከታርቱ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣
የብር ዋሽንቷን ይዛ፣ ካፖርቷ ሳይደርቅ ከደጅ።
ከመዘምራኑ ጋር ነፋች፤ "ከፍ አልሽ" አላት ኤንደል፤
ሠላሳ ፊት ዞረባት፣ የሱፍ አበባ ይመስል።
ደገመች። "አሁንም ከፍ።"
ሠለሰች። ጣቷ ተንቀጠቀጠ።
ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ "የከተማው ጆሮ እሷ ናት" ብለዋታል፤
"የተሳሳትኩት እኔ ነኝ?"

ቪርቬ ሳለች።
ኡኩ ጣሪያውን አየ።
እኔ ሰዓቴን አየሁ።

ማታ መሳቢያውን ከፈትኩ፤ ሹካውን ጉልበቴ ላይ መታሁ፤
ያ የበረዶ ውሃ፣ ጥርሴ ላይ፤
ተቀመጥሁ።

ነገ ልምምድ አለ። ሹካው ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነው፤
ጣቶቼ ጨብጠውታል፤
እንዳይጮኽ ይሁን እንዳይጠፋ፣
ገና አልነገሩኝም።