ሩብ ሰዓት

ቤት ሸዓን፣ ሐምሌ ነው፤ ጥላው አርባ ሁለት፣
አባቴ ሳሎን ውስጥ፣ ካናቴራው ረጥቦ፣ ይገለብጣል ካሴት።
ከጎንደር በሰው እጅ ድሮ የተላከ፤
በሽቦ ተጎትቶ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ሆድ፣ እየተንተከተከ
የአጎቴ የዳኘው ድምፅ ይገባል፦
«ወንድሜ ቢያድግልኝ፣ እንዴት ሰንብተሃል?
እኛስ ደህና ነን፤ የጤፉ ነገር ግን…»
ጭጭ።
ስክሪኑ ጠቆረ።
አባቴ ጆሮውን እንደደገነ ቀረ።

ሦስተኛ ጊዜው ነው በዚሁ ሳምንት።
ማብሪያውን ብጫነው፣ ዳግም ብጫነው፣ የለም፤ በድን አካላት።
ሩብ ሰዓት ቆይቶ ግን፣ ጣቴን ገና ሳሳርፍ፣
ምንም እንዳልሆነ ይነሣል፣ እንደ ሕፃን ከእንቅልፍ።

ዕድሜው ገፍቷል እርግጥ፤
ለውትድርና ስጠራ በአሥር ቼክ የተገዛ ዕቃ፣
ቁልፎቹ ላይ ፊደል የለም፣ በጣት ልማድ ብቻ የሚነቃ።
ለፋሲካ ግድግዳ ስንቀባ ጠረጴዛውን ወደ ቡፌው ገፋነው፤
ከዚያ ወዲህ ነው የታመመ።
ሙቀት ነው አልኩ፤ በዚህ ቆላ እንኳን ብረት ሰው ደከመ።

ካቻቪቴ ይዤ ጎኑን ፈታሁት።
አቧራ፣ የሞተ ጉንዳን፣ ከማራገቢያው እንዝርት
የተጠመጠመ ቀይ ክር፣ ከእናቴ ጥልፍ የወደቀ፤
አባቴ ክሩን ተቀብሎኝ ኪሱ ውስጥ ደበቀ።

ነጩን ቅባት ከአንጎሉ ጠርጌ በአዲስ ቀባሁ፤
ራሞቹን ነቅዬ፣ ወርቃማ ጥርሳቸውን በላጲስ ፈተግሁ፤
አንዱን አስቀርቼ አንዱን ሞከርኩ፣ ቦታ አቀያየርኩ፤
የጎረቤት ልጅ ሽሎሚ «ፓወር ሳፕላይ ነው» ቢለኝ፣
ሁለት መቶ ሼቅል ከፈልኩ።
በማግሥቱ ሞተ።
«ተይው፣» አለ አባቴ፣ «ጡረታ አማረው እንጂ መች ሞተ?»

ተሸነፍኩ ላለማለት ደብተር ያዝኩ።
ሰኞ፣ አራት ተኩል።
ማክሰኞ፣ አራት ተኩል።
ረቡዕ ሰፈሩ ሁሉ ማቀዝቀዣውን ለኩሶ
መብራት ጠፋ፣ አርባ ደቂቃ።
ሐሙስ፣ አምስት ከአሥር።
ደብተሩን ትኩር ብዬ አየሁት።
ብልሽት ቀጠሮ አያከብርም፤
ቀጠሮ የሚያከብር ሌላ ነው።

ከሽሎሚ ጋር ቡፌውን ገፋነው።
ከኋላው፣ የሸረሪት ድር ለብሳ፣ ግድግዳው ላይ ተሰክታ፣
ነጭ የሰንበት ሰዓት፣ ቀስ ብላ፣ ያለ ችኮላ፣ ያለ ዕረፍት ዞራ መጥታ፣
ዘጠና ስድስት ጥርስ፤ አንዷ ብቻ ወደ ውስጥ ተጭና፤
እናቴ አገርነሽ የፕላታዋን እሳት የምታዝዝባት ነበረችና።

እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመቷ።
የማንም እጅ አልነካትም፤ በየቀኑ ግን ሲደርስ ሰዓቷ
ሩብ ሰዓት ሰንበት ታውላለች፣ ሰኞም ቢሆን ማክሰኞም፤
መብራት በጠፋ ቁጥር ትዘገያለች፤ ቀርታ ግን አታውቅም።

የስክሪኑም መብራት አብሮ ይጠፋ ነበር እኮ፤ ዐይኔ ያየዋል፤
ሙቀት ነው ብሎ የፈረደ ሰው ሌላ ምስክር የት ይጠራል?

ጥርሷን በጥፍሬ ላነሣ ስል፣ አባቴ ክንዴን ያዘ።
«ሶኬቱን አዛውሪ፣» አለ፤ ድምፁ መሐል ላይ ፈዘዘ፤
«እሷን ተያት።»

ገመዱን በሳሎኑ ወለል ወደ ማዶው ግድግዳ ጎተትን፣
ሰው እንዳያደናቅፍ በፕላስተር አጣበቅን።
ቡፌው ከዚያ ወዲህ ከግድግዳው ፈቀቅ ብሎ ቀረ።
ዳኘውም ካቆመበት ጀመረ፦
«…የጤፉ ነገር ግን፣ አይጥ ፈጀው።»
አባቴ ሳቀ፤ እስኪያስለው፣ ዐይኑን በካናቴራው እስኪጠርገው።
«ረስቼው ነበር!» አለ፤ «ይህን አይጥ ረስቼው ነበር እኮ!»

ከቡፌው ጀርባ፣ ምንም ያልተሰካባት፣
ሰንበቷን ታከብራለች፤ አራት ደቂቃ ቀርቷት።