ፉርጎ ቀጣዩ

ጥር ወር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከተማው ካቶቪትሰ፤
በረዶው ከጣራው እንደ ጨው ፈሰሰ።
ማሞቂያው ሲንኳኳ፣ መስኮቱን ሲያልበው፣
የሰው ልጅ ድርሰት ነው ውዬ የማነበው።

ዶብራቫ ገባች፣ ፀጉሯ እንደረጠበ፣
ሠላሳ ሁለት ገጽ በክር የተሰበሰበ።
ርዕሱ፦ የማዕድን መብራት ክፍል ሴቶች፣
ጠዋት ለሚወርደው ፋኖስ አዳዮች፣
ማታ የሚቆጥሩ የተመለሰውን፣
ከባዶው መንጠቆ የሚያውቁ የቀረውን።

ቁም ነገር ሞልቶታል፤ ብቻ ገጹን ስገልጥ
አንዱ ሐሳብ ካንዱ ሲሸሽ፣ ሲያመልጥ፤
ከሕግ ወደ ዘፈን፣ ከዘፈን ወደ አክስቷ፣
ካክስቷም ተነስቶ ወደ ደሞዝ ወረቀቷ።
ባንድ ግቢ ኖረው ሰላምታ ላይሰጡ
አንቀጾቿ ሁሉ ጀርባ ተሰጣጡ።

እኔም እንደ ልማዴ እስክሪብቶ መዝዤ፣
«አገናኚው» አልኳት፣ ከኅዳጉ ይዤ፤
«“ይሁን እንጂ” ክተቺ፣ “በመሆኑም” እዚህ፣
እዚያ ጋ “በአንጻሩ”፣ ከታች ደሞ “ስለዚህ”።»

በሳምንቱ መጣች፤ ሁሉንም ከታለች፤
«ስለዚህ» ስትል ግን ስለምን እንዳለች
እሷም አታውቀው፣ እኔም አላወቅሁት፤
በተሰበረ አጥንት ፋሻ ጠመጠምሁት።

አባቷ ፍሎሪያን፣ በሌሊት ፈረቃ
ፉርጎ ቀጣይ ነው፤ ጎህ ሲቀድ የሚያበቃ።
«አንብቢልኝ» አለ፣ በቁርስ ላይ፣ ልጁን፣
ግራሶ ያደረበት ሁለቱን እጁን
ከሱሪው ላይ ጠርጎ።
አነበበችለት።
ገጽ አሥራ አንድ ላይ ሾርባው ቀዘቀዘ፤
ሰውየው ማንኪያውን እንደያዘ ያዘ።

«ደርድረሽዋል» አለ፣ «ልክ እንዳመጣጡ፤
እኛ ጋ፣ ሌሊቱን፣ ፉርጎዎች ሲመጡ
በመጡበት ተራ አይደለም የሚሄዱት።
ከጉብታው አናት ቁልቁል ስንለቃቸው
ሐዲድ የሚመርጥላቸው መድረሻቸው።
እንጨት ከእንጨት ጋራ ይሂድ አይባልም፤
ግዳንስክ ከሆነ፣ ስኳሩም ሲሚንቶውም ልዩነት የለውም።
ያንቺስ የት ይሄዳል፣ ይኼ ሁሉ ወረቀት?»

ዝም አለች።

«ሜንጦውም» አለ ቀጥሎ፣ «ጌጥ መስሎሽ እንዳይሆን፤
የፊተኛው ጎትቶ ነው የኋለኛውን።
አጥብቀሽ ብታስሪው ጥምዝ ላይ ይሰበራል፤
አላልተሽ ብትተዪው ሲነሳ ይላተማል።»
ይህን ብሎ ተኛ። ጫማውን ሳያወልቅ።

በሦስተኛው ቀን ላይ መጣች፣ ሌላ ይዛ፤
ከፊተኛው ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ተመዝዛ፦
ማሽን ከተተካ በነዚያ ሴቶች ቦታ፣
ያልተመለሰውን ማን ቆጠረው ማታ?
ሕጉ ወደዚያ ነው፤ ደሞዙም ወደዚያ፤
ዘፈኑም ለካስ የስም መቁጠሪያ።
የአንዱ አንቀጽ ጅራት ለሌላው ራስ ሆኖ፣
«ስለዚህ» ጠፍቶ ሳለ፣ ስለዚህነት ገኖ።
እኔ የጻፍኩባትን ቀይ ቀለም በሙሉ
ጥላው መጥታለች። ምን ልበል? ይበሉ!

አክስቷ ግን የለችም። አክስት ጌርትሩዳ፣
ያቺ ያማረች ገጽ፣ የድርሰቱ እንግዳ፤
አንድ ሌሊት ሙሉ፣ ሰው ሁሉ ሲበተን፣
አራት መቶ አሥራ ሰባት ቁጥር ፋኖስን
ጉልበቷ ላይ አርጋ፣ ሳትሰቅል ያነጋች፤
«ጌታው ሳይረከበኝ አልሰቅልም» ያለች።

«የት ሄደች?» ብዬ ጠየቅሁ።
«በዚህ ባቡር አይደለም የምትሄደው» አለችኝ፤
ገጹን ከቦርሳዋ አውጥታ ተወችልኝ።

መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ተማሪ ሲመጣ፣
«ስለዚህ» ልልለት እስክሪብቶ ሳወጣ፣
አስቀድሜ እሱን ከፍቼ አያለሁ፤
«ይኼስ የት ይሄዳል?» ብዬ እጠይቃለሁ።
እሷ ግን እዚያው ናት፣ ከጎን ሐዲድ ቆማ፣
ፋኖሷን አቅፋ፣ በዚያ ሁሉ ጨለማ።
የማንን ባቡር እንደምትጠብቅ እንጃ።