የሩቁን አስቀድም

አርብ ነው፤ አፉላ፣ ከሞሬ ኮረብታ ሥር፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከመስኮቴ ዳር፣
ጆሮዋን ያቆመች አንዲት ጥቁር ሣጥን
ማዶ ካለች ባልንጀራዋ ጋር ታወራለች ሌት ተቀን።
በመካከላቸው ግቢው አለ፤ የልብስ ማስጫ ሽቦ፣
የቆሻሻው ገንዳ፣ ድመት ተሰብስቦ፣
አንድ የሎሚ ዛፍ፣ በየዓመቱ አብቦ
ፍሬ የማይሰጠን።
ገመድ የላቸውም ሁለቱ፤ ድልድዩ በአየር ነው፤
የአስረስ ኢንተርኔት በእኔ ቤት በኩል ነው የሚሻገረው።

እኔና አስረስ ግን፣ የአንድ እናት ልጆች፣
ከፋሲካ ወዲህ አልተነጋገርንም። እነሱ ናቸው፣ ሣጥኖች፣
በሰከንድ ሺህ ጊዜ "አለሁ"፣ "አለሁ" የሚባባሉት።

ጠባችን በድንጋይ ነው፤ በእናታችን መቃብር ድንጋይ።
አገር ስንገባ አንድ ጸሐፊ በወረቀቱ ላይ
"ዘሃቫ" ብሎ ጻፋት። ወርቅማ ማለት ነው፤ ፍቺውስ አልራቀም፣
እሷ ግን በዚያ ስም ሲጠሯት አንድ ቀን ዞር አላለችም።
"የመታወቂያው ይቀረጽ፣" አለ አስረስ፤ "የልጅ ልጅ አንብቦ እንዲያገኛት።"
"ስሟ ይቀረጽ፣" አልኩ እኔ፤ "እናቷ ያወጣችላት።"
ድንጋዩ እስከ ዛሬ ባዶውን ቆሟል።

ሣጥኗ "አድሱኝ" ማለት ከጀመረች ወር አልፏል።
ፈርምዌሩ አርጅቶ፣ ማታ ማታ ድልድዩ ይወድቃል፤
ዮቭል፣ የአስረስ ልጅ፣ በመስኮት ብቅ ትልና
"አጎቴ፣ ተቆረጠ!" ትለኛለች፤ እሷ ጠብ አታውቅምና።

ሕጉን ያስተማረኝ የፋብሪካችን ኤሌክትሪሺያን ግሪሻ፦
"የሩቁን አስቀድም፤ ያለዚያ የለህም መድረሻ።
የቅርቡን ነካክተህ ድልድዩ ቢናድ፣
በእግርህ ነው የምትሄድ።"

አስቀደምኩ የሩቁን። ፋይሉን መረጥኩ፤ ቀይ ማስጠንቀቂያ መጣ፦
"መብራት እንዳይጠፋ፣ ገመድ እንዳይወጣ።"
አሥር ከመቶ። ሠላሳ ሦስት። መስመሩ እንደ ኤሊ ይሳባል።
ስልሳ ሁለት ላይ ቆመ።
ጠበቅኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ።
ያኔ ትዝ አለችኝ የአስረስ የሰንበት ሰዓት፣
ግድግዳ ላይ ተሰክታ ጥርሷን የምትቆጥር በትጋት፣
ሰንበት ሊገባ ግማሽ ሰዓት ሲቀር መብራቱን የምትዘጋ፤
እሷ አንድ አርብ አልዘነጋች፣ እኔ ነኝ የምዘነጋ።

ክረምቱ እዚህ በታኅሣሥ ነው፤ ፀሐይ ትቸኩላለች።
አምስቱን ደቂቃ ጫማ ፈለግሁበት፣ አምስቱን ሰበብ።
ወረድኩ። ድመቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ።
አንኳኳሁ።

አስረስ ነጭ ለብሷል፣ ጢሙ ውሃ ያንጠባጥባል፤
አየኝ፤ ላፕቶፑን አየ።
"ሞተች?"
"ደንግጣ ነው። መርፌ አለህ?"
ከሰንበት ሰዓቷ ነቅሎ ግድግዳው ላይ ሰካት፣
እኔ ከጀርባዋ፣ በቀጭኗ ቀዳዳ፣ ወጋኋት፤
"እስከ ሠላሳ!" ዮቭል በዕብራይስጥ ቆጠረች፣ አስረስ በአማርኛ፤
እሷ አንደኛ ወጣች፣ እሱ ሁለተኛ።

እንደገና ጫንኩ። አሁን መቶ ሞላ።
ግን ባዶ ሆና ነቃች፤ ስሟን፣ ድልድዩን፣ ቁልፉን ረስታ።
"የይለፍ ቃሉ?" አልኩ። "ያኔ በሁለቱም ቤት የጻፍከው አንተ ነህ።"
አስረስ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።
ፀሐይ ከሜዳው ጠርዝ ጣት ያህል ቀርቷታል።
"ጻፍ፣" አለኝ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣
ፊደሎቹን እንደ እንቁላል አንድ በአንድ ነጥሎ፦
"ጥሩወርቅ።"

ጻፍኩ።
አረንጓዴው በራ። ማዶም፣ ከእኔ መስኮት፣ የእኔዋ መለሰችላት።
ዮቭል አጨበጨበች።
አስረስ ላፕቶፑን ከእጄ ወስዶ መደርደሪያው ላይ አኖረው፤
"ሰንበት እየገባ ነው፤ ዕቃ ተሸክመህ አትወጣም።
ነገ ኮከብ ሲወጣ መጥተህ ትወስደዋለህ።"

ባዶ እጄን ግቢውን ተሻገርኩ።
የእኔዋ፣ የቅርቧ፣ ገና አልታደሰችም።