የሐሙስ በር

እኔ በር ሠሪ ነኝ፤ የብረት፣ የላሜራ።
ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ነው የኔ ሥራ።
ስንቱን መዝጊያ በየድኩ፣ ስንቱን ማጠፊያ ዘይት ቀባሁ፤
ሳይገጥም የቀረ የለም፤ እንቢ ያለውን ሞርጄ አስገባሁ።

በየአራተኛው ሐሙስ ግን ሱቄ ዝግ ነው፤ ደንበኛ ይመለስ።
ኩለኒ ቀጠሮ አላት። ስፔሻሊስቷ እስክትደርስ
ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወረፋ ይዘን፣ ካርድ አውጥተን፣
ቀጭኔ ከተሳለበት ግድግዳ ሥር እንጠብቃለን ተቀምጠን።

የቀጭኔው ሰዓሊ መሀል ላይ ቢጫ ቀለም አልቆበት
ከትከሻው በላይ አረንጓዴ ነው፤ ሕፃን ሁሉ ሲስቅበት
ኩለኒም ትስቅ ነበር፣ ያኔ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ።
አሁን አሥራ አራት ሞላት፤ እግሯ ከሕፃናቱ አልጋ ተንጠለጠለ።

ሲጀምር ጉሮሮ ነበር፤ «ቶንሲል ነው፣ ይለቃል» አልኩኝ።
እንጥል ቆራጭ አለ አሉኝ፤ እዚያም በእጄ ይዤ ወሰድኩኝ።
ለቀቃት። ከርሞ ግን ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት
እየዞረ አበጠባት፤ እንደ ክፉ እንግዳ፣ ቤት ለቤት
ሲያድር ሰንብቶ በመጨረሻ ከልቧ ገብቶ ተደበቀ።
«ልብ በር አለው» ስትለኝ ሐኪሟ ምራቄ ደረቀ።

ስክሪኗን ወደኔ አዙራ፣ በጥቁርና ነጭ ጉም መሀል፣
«ይቺ በር ስትዘጋ አትገጥምም፤ ደሙ ወደ ጓዳ ይመለሳል»
አለችኝ። እኔ፣ ሃያ ዓመት የሰው በር ስገጥም የኖርኩ፣
እጄን አየሁት። ሞረድ የለ፣ ብየዳ የለ። ዝም አልኩ።

በየሃያ ስምንት ቀን መርፌ። አንድም ሳይዘለል፣ ለዓመታት።
ኩለኒ ወር የምትቆጥረው በመርፌ ነው፤ መስከረም፣ ጥቅምት
አትልም፤ «ያ የግራው ጊዜ»፣ «ያ የቀኙ» ትላለች፤
በተወጋችበት ጎን እያነከሰች ማግስቱን ትማራለች።

አምስት ዓመት ሙሉ መልሱን ስመልስ የኖርኩት እኔ ነኝ።
«ትንፋሽ ያጥራታል?» «አዎ፣ ዳገት ላይ።» «እንቅልፍስ?» «ደኅና ነኝ»
ብዬ እርፍ! «ደኅና ናት» ለማለት። ኩለኒ ሳቀች።
ዛሬ ግን ዶክተር ረድኤት መዝገቡን ዘግታ ጠየቀች፦
«አባት፣ ትንሽ ውጭ ይቆዩልን። ከኩለኒ ጋር ለብቻችን
እናውራ። አድጋለች እኮ።» ምን ተገኘ ከመካከላችን?

ወጣሁ፤ ኮፍያዬን ረሳሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።
ማጠፊያው ይጮሃል፤ አንድ ጣት ክፍተት አለው ከወለሉ ጋ።
ጆሮዬን ባስጠጋ እሰማለሁ። እግዜር ያውቃል፣ አሰብኩ።
አላስጠጋሁም። ቀጭኔው ሥር ሆኜ የበሩን ብሎን ቆጠርኩ።

ምን ትላት ይሆን? ስለ ወር አበባዋ? ስለ ስፖርት ክፍለ ጊዜ፣
ብቻዋን ዛፍ ሥር ስለሚያስቀምጧት? ስለ ሌሊቱ ትካዜ?
ወይስ ያንን የምላጭ ቀን፣ ሁለት እጇን አጥብቄ
ስይዛት? ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ዝም አልኩ፣ አውቄ።

አንዲት የገላን ሴት፣ ከንፈሩ የጠቆረ ሕፃን ታቅፋ፣
«አዲስ ነን» አለችኝ፤ የካርዱን ጠርዝ በጣቷ አጣጥፋ።
«ይድናሉ?»
            «ያድጋሉ» አልኳት።
ሌላ ቃል አልነበረኝም።

በሩ ተከፈተ። ኮፍያዬን ይዛልኝ ወጣች። ፊቷን ለየሁት አልልም፤
ያለቀሰ ፊት ነው፣ ግን የቀለለው። አልጠየቅኳትም።

ከታክሲ ወርደን ዳገቱ መጣ፤ ትራንስፎርመሩ አጠገብ፣
እዚህች ቦታ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ትንፋሿን እስክትሰበስብ
የጫማዬ ማሰሪያ ይፈታል። ጎንበስ እላለሁ፤ አስራለሁ፤
ደግሞ እፈታለሁ፤ ደረቷ ሲረጋ በጆሮዬ እሰማለሁ።
እሷ እረፍት ነው አትልም፤ እኔም አየሁሽ አልላትም።

ዛሬም ጎንበስ ልል ስል፣

«አባ፣ ጫማህ እኮ ታስሯል» አለች፤ «እኔን ነው የደከመኝ።
ና፣ እንቀመጥ።»
                    ድንጋዩ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።