ሞዴል አሥራ ዘጠኝ

ሰኔ ሠላሳ ነው፤ ቆጠራ ነው ዛሬ፣
እስክሪብቶ ከጆሮዬ፣ ቁልፍ ከወገቤ አስሬ፣
የወገልጤናን ጉም በትከሻ ገፍቼ
ገባሁ ከመጋዘን፣ የእጅ ባትሪ አብርቼ።
ሃያ ሦስት ዓመቴ። አቧራውን አውቀዋለሁ፤
በየትኛው ዘመን እንደገባ በሽታው እለየዋለሁ።

ከታች፣ ምስጥ ከጀመረው ከግድግዳው ጥግ፣
የፊተኛው ፖሊሲ፣ የፊተኛው ሕግ፤
ከላዩ ላይ ደግሞ፣ ፊቱ የጠቆረ
አሥራ አራት ፕላዝማ፣ አንድ ሰሞን መምህር የነበረ፤
ከዚያ በላይ ጨርቅ፣ «ትምህርት ለሁሉም» ይል የነበረ፤
«ሁሉም»ን አይጥ በላውና ቃሉ «ለ» ላይ ቆመ፤
ለማን እንደሆነ፣ ይኸው፣ እስካሁን አልተሰየመ።

ኦፓል የሚቆፍሩ ልጆች፣ ከገደሉ ወገብ ተንጠልጥለው፣
የቱ ንብርብር እንደሚያበራ በጣታቸው ያውቃሉ።
እኔም በየሰኔው ንብርብር እቆፍራለሁ፤
የሚያበራ ግን አልገጠመኝም።

በኅዳር፣ አዲስ አስተዳደር ገባ ተባለ በሬዲዮ።
በታኅሣሥ ደብዳቤ።
በጥር ሌላ ደብዳቤ፣ የታኅሣሡን የሚሽር።
ደብዳቤ ዳገት አይፈራም፤ ሌሊቱን ይገሠግሣል፤
ማኅተሙ ሳይደርቅ ከርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ይደርሣል።
እግሩን የሚያመው ገንዘቡ ነው።
ከፌዴራል ሲነሣ ሙሉ ነበር፣ አሉ፤
ባሕር ዳር ዋለ፤ ደሴ አደረ፤
ኩታበር ላይ ትንፋሽ አጠረው፤
በሽሎን ሲሻገር ውሃው ተሻማው፤
ወረዳው ደጃፍ ላይ ደግሞ ቀመር ጠበቀው።

ቀመሩ አዲስ ነው፦ «በተቆጠረ ራስ»።
ቆጣሪው ሲመጣ ግማሹ ልጅ ገደል ወርዷል፤
ባዶ ዴስክ ቆጥሮ፣ ባዶ ዴስክ ጽፎ ሄደ፤
በዚያው ልክ፣ ከባዶው ላይ ባዶ ተወሰደ።
«አብሽሪ፣ ይመጣል» አለኝ ርዕሰ መምህሩ፣
እሱ ራሱ አብሽር የሚለው አጥቶ።

የመጣው ይኸው ነው፤ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ቆርጬ የፈረምኩበት፦
ጠመኔ፣ ሦስት ካርቶን።
የሒሳብ መጽሐፍ፣ የስድስተኛ ክፍል፣ ዘጠኝ። ተማሪው ስልሳ አራት።
የአዲሱ ሹም ፎቶግራፍ፣ ባለ መስተዋት፣ አንድ፤
በዚያ ሁሉ ኮረኮንች ያልተሰነጠቀ።

መምህር ይመኑ ዝም ብሎ አየኝ። ምላጭ ጠየቀኝ።
በሞዴል ሃያ ሁለት ወጪ አደረግሁለት፣ አንድ ፍሬ።
ዘጠኙን መጽሐፍ በየምዕራፉ ከፈለው፣ እንደ ቅርጫ ሥጋ፤
ዕጣ ጣሉ።
ዘጠኝ ጊዜ ሰባት፣ ስልሳ ሦስት፤
ለአንዱ ልጅ ማውጫው ደረሰው።
ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን፣ ከሽንኩርት ተራ ጀርባ፣
«አምስትን ስጠኝ፣ ሁለትን ልስጥህ» ይባባላሉ፤
ዝናብ የመታው ምዕራፍ ዋጋው ይረክሳል።

ሰዓዳ ሙሄ ምዕራፍ ሦስት ደረሳት፦ ክፍልፋይ።
ማንም አልለወጣትም፤ ከእሱው ጋር ከረመች።
በወላጆች ስብሰባ፣ ከወረዳ የመጣው ሰው
«መንግሥት ለትምህርት የሰጠው ትኩረት...» ብሎ ሲጀምር
እጇን አወጣች፦
«ጋሼ፣ አንድ ሙሉ ከላይ ተነሥቶ
በአምስት ቢሮ ቢያልፍ፣
እያንዳንዱም የደረሰውን ግማሹን ቢያስቀር፣
እኛ ጋ ስንት ይደርሳል?»
ሰውዬው ሣቀ። «በሂደት የሚመለስ ጥያቄ ነው» አለ።
እሷ ግን መልሱን መዳፏ ላይ ጽፋው ነበር፣
ሠላሳ ሁለትን ከታች፣ አንድን ከላይ፣
ላብ እያደበዘዘው።

አሁን መሽቷል። ጠመኔውን ቆጠርኩ፤ ፕላዝማውን ቆጠርኩ።
«መጽሐፍ፣ ሒሳብ፣ ዘጠኝ» ከሚለው ፊት ለፊት
አለ ልበል፣ የለም ልበል፣ ጠፋኝ።
ኦዲተሩ ነገ ይመጣል።
«ምርመራ» የምትባለው ዓምድ ጠባብ ናት፤
አጎንብሼ ጻፍኩባት፦
ምዕራፍ ሦስት ሰዓዳ እጅ ነው።
ገቢ አይደረግም፤ እየሠራ ነው።