መቶ ሃያ ፓውንድ

ሁዳዴ ሳይገባ፣ በዝናብ፣ በጋሪ፣
አባቷ ዝምተኛ፣ አማጩ ተናጋሪ፣
እናቴ አትራክታ ወደ ሊትሪም ገባች፣
መቶ ሃያ ፓውንድ ጥሎሽ ይዛ መጣች።

ገንዘቡ አላደረም እኛ ቤት አንድ ሌሊት፤
ለአክስቴ ለዴሊያ ማጫ ሆነላት፣
ዴሊያን ይዞ ገባ ከኮረብታው ማዶ፤
ደግሞ ሌላ ዳረ፣ ሌላ ደጃፍ ሄዶ።
ስንቷን ለወግ አበቃ ያ መቶ ሃያ ፓውንድ!
እነሱ ቤት ቀሩ፣ እሱ ወጣ መንገድ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣
ላም አልባ ኖረች ጠዋትና ማታ።
የወተቱ ደብተር ተከፍቶ በባሏ፣
ቼኩም ለማላኪ፤ ሽታው ብቻ የግሏ።

መንግሥት ለመስኮቹ ቁጥር ሰጥቷቸዋል።
እሷ ግን ቁጥር አታውቅም፤
«ጥጃዋ የሰመጠችበት» ትላለች፣
«ምንጯ የጠፋችበት»፣
«ፊንታን ከካቡ የወደቀበት»፤
አንዱን ደግሞ፣ ከረግረጉ ጥግ ያለውን፣
ስሙን ለማንም አልተናገረችም።

አባቴ ሲያርፍ ኑዛዜው ቀይ ሰም ታትሞበት መጣ።
እርሻው ለፊንታን፤ በርሚንግሃም አስፋልት ለሚያነጥፈው፣
ለቀብር እንኳ ላልመጣው።
ለእሷ፦ ከምድጃው ጀርባ ያለው ክፍል፣ እስክትሞት፤
በዓመት ሁለት ትልም ድንች፤
እሁድ እሁድ ለቅዳሴ፣ ጋሪው ላይ አንድ ቦታ።
ሰሙን ሰብረን አየን፣ ገልብጠንም አየን፤
ወርቅ የሚባል የለበትም።

እናቴ ምንም አላለች።
እሁድ ሲደርስ ግን፣ ጋሪው እየጠበቃት፣
አራት ማይል ሙሉ በዝናብ በእግሯ ሄደች።
እስክትሞት ድረስ ያቺ ቦታ
ባዶዋን ቅዳሴ ትሳለም ነበር።

እኔ ነርስ ነበርኩ፣ ስላይጎ፣ የሌሊት ተረኛ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠራቅሜ ከወንድሜ ገዛሁት፤
የእናቴን ላብ፣ በራሴ እንቅልፍ።
ጠበቃው መነጽሩን ጠርጎ
«ባለቤቱስ የት አሉ?» አለኝ፣ በሩን በሩን እያየ።
«ፊትዎ ተቀምጣለች» አልኩት።

ብዕሩን ተቀበልኩ።
ጠዋት የእናቴን ትልም ስቆፍር ነበር፤
አውራ ጣቴ ከስሜ ቀድሞ ወረቀቱ ላይ አረፈ፣
ቡናማ፣ ክብ፣ እርጥብ።
ጸሐፊዋ መሐረብ አውጥታ
«ይጠረግ?» አለችኝ።
«ይድረቅ» አልኳት።