እርሳስ

ማክሰኞ ነው ቀኑ፣ ማለዳ ሁለት ሰዓት፤
የማቶዚኞስ ወደብ ጉሟ ሳይገፈፍላት፣
ሚዛኔን ወልውዬ፣ ዜሮ ላይ አቁሜ፣
እርሳሴን ቀርጬ፣ መዝገብ ተሸክሜ፣
እጠብቃለሁ።

ሥራዬ ቀላል ነው፤ ሰው መመዘን ብቻ፣
ለሐኪሙ ትቼ የመርዙን ዘመቻ።
ጫማ አውልቁ፣ ቀጥ በሉ፣ አትደገፉ እላለሁ፤
ከቁጥሩ ኋላ ያለውን እያወቅሁ ዝም እላለሁ።

ፎቶው የሚያሳየው የዕጢውን ስፋቱን፤
ሚዛኔ ነው የሚያማው የቀሪ ቀን ብዛቱን።
ሁለት ሰው ቢታመም ባንድ ደዌ፣ ባንድ መጠን፣
ሥጋው የቆየለት ይሻገራል ክረምቱን።
የከሳው ይቀራል።

ዜፈሪኖ መጣ። ሰርዲን አጥማጅ ነበር፣
አርባ ዓመት ያደረ ከነፋስ ሲማከር።
መስከረም ሰባ አራት፣ ኅዳር ስድሳ ስድስት፤
ቀበቶው በምስማር አዲስ የተበሳበት፣
ቀለበቱ ከጣቱ እንዳይወድቅ
ሰማያዊ ክር የተጠመጠመበት።

ኢዳሊና ሚስቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፦
«የድንቹን ሾርባ በወይራ ዘይት አራስኩት፣
እንቁላል መታሁበት፣ እፍ ብዬ አበረድኩት።
ሁለት ማንኪያ ይላል፣ ሦስተኛው ያንቀዋል፤
ዳቦው ብረት ብረት፣ ዓሣው ሳሙና ይለዋል።
አምሳ ዓመት ያበላኝን ማብላት አቃተኝ» አለች፤
የጓዳ ኃጢአቷን የምትናዘዝ መሰለች።

«የለብሽም» አልኳት፤ «አይደለሽም ጥፋተኛ፤
እሱ ሲበላ የሚበላ አለ፣ ያልተጠራ፣ ሁለተኛ።
በማዕዱ አይጠግብም፣ ጡንቻውን ይቆረጥማል፤
ሰውየው ሲተኛ እሱ ራት ይቀመጣል።»

ያን ማክሰኞ ግን ሚዛኑ ሽቅብ ወጣ።
ስድሳ ሰባት።
ኢዳሊና ክንዴን ያዘች። «ሾርባው ነው» አለች፤
ኮቱን ልታመጣ ወደ መተላለፊያው ወጣች።

እኔ ጉንጩን አየሁ።
ጉንጩ ስድሳ ሰባት አይልም።
ሊወርድ እግሩን ሲያነሣ ከሱሪው ውስጥ
አንዳች ነገር ቀጭ አለ።

«ኪስዎን» አልኩት፣ በሹክሹክታ።
አወጣ። የመረብ ማጥለቂያ እርሳስ፤
ከቀኙ አምስት፣ ከግራው አምስት፣
ግራጫ፣ በጨው የለሰለሰ፣
ዕድሜ ልኩን ወደ ጥልቁ ሲልከው የኖረ።

«ሕክምናው እንዳይቋረጥ ነው?»
ራሱን ነቀነቀ።
«እሷ እንድትተኛ ነው። ሌሊት ተነሥታ
የተረፈውን ሾርባ በማንኪያ ትለካለች።»

መድኃኒቱ በኪሎ ነው የሚቀመረው፤
የውሸት ኪሎ የእውነት መርዝ ነው የሚጨምረው።
ይህን ነገርኩት። አልተከራከረም።
ባዶውን ሚዛኑ ላይ ወጣ፤
ስድሳ አምስት እንኳ አልሞላም።

ሁለት እርሳስ ነበረ በዚያች ጠባብ ክፍል፦
አንዱ ክብደት የሚያበድር፣ አንዱ እውነት የሚል።
በያዝኩት ጻፍኩ።
በጠረጴዛው ላይ ያለው ዝም አለ።

ኪሶቹ እንደተገለበጡ ተንጠልጥለው ነበር፣
እንደ ደከመ ውሻ ጆሮ።
ልመልስለት እጄን ስሰድ አየሁት፤
ሸክም እንዳይቀደው ጥግ ጥጉ
በድርብ ስፌት ተጠናክሯል፣
ጥንቅቅ ባለ፣ ባልቸኮለ እጅ፣
በሰማያዊ ክር።

በሩ ተከፈተ። ኮቱን በክንዷ ይዛ፦
«ስንት ነበር ያላችሁት?»
«ስድሳ ሰባት» አላት እሱ።
እኔ መዝገቡን ዘጋሁ።
«ሾርባው ነው» አለች ኢዳሊና፣
ሚዛኑን ሳታይ።